ማውሱ እስኪያልቅ

፩

...እና ቀኝ እጇ ከጠዋት ጀምሮ አልታዘዝም ብሏታል።

፪

ሴትዮዋ እማዋይሽ ትባላለች። በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የድሮ የመሬት ፋይሎችን ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች። ተራኪው ከዚህ የተሻለ መግቢያ ሲፈልግ ቆይቶ ደከመውና ተወው። እሷም ደክሟታል፤ እኩል ናቸው።

፫

የማውስ ዕድሜ ስንት ነው?

ካርቶኑ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ጠቅታ ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ማን ቁጭ ብሎ እንደቆጠረው እንጃ። በሰው ቤት ጥቂት ዓመት ያገለግላል ይባላል። እዚህ መሥሪያ ቤት ግን ማውስ የሚሞተው ንብረት ክፍል ሞቷል ሲል ብቻ ነው።

፬

መመሪያ (አንቺም በእሷ ቦታ ብትሆኚ)

ማውሱ አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ ይከፍታል፤ ሁለቴ ሲጫኑት ዝም ይላል። ስለዚህ ጎኑን በአውራ ጣትሽ ቆንጥጠሽ ያዢ። በሌባ ጣትሽ አጥብቀሽ ተጫኚ። ፋይሉ እስኪከፈት እንዳትለቂ። ገመዱን በግራ እጅሽ ከፍ አድርጊ።

ድገሚ።

ድገሚ።

ድገሚ።

፭

ሐኪሙ፣ «ይሄን እጅ ካላሳረፍሽው ጣቶችሽ መታጠፍ ያቆማሉ» አላት። እማዋይሽ ሳቀች። ማሳረፍ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምታለች።

ግን ንብረት ክፍል ውስጥ ገመድ አልባ ማውሶች ለዓመታት በካርቶን ተቀምጠዋል፤ በትንሽ ንክኪ የሚታዘዙ ናቸው አሉ። አንዱን ካገኘች እጇ ይተርፍላታል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ የተደበቀ ነገር የለውም።

፮

በንብረት ክፍሉ መስኮት የተደረገ ንግግር

እማዋይሽ፦ እንደምን አደሩ ጋሽ ደምሰው? ለማውሱ ነበር የመጣሁት።

ጋሽ ደምሰው፦ ደግሞ መጣሽ? አሮጌውን አምጪ።

እማዋይሽ፦ ይኸው።

(ይሰካዋል። አንዴ ይጫነዋል። በሥርዓቱ ይሠራል።)

ጋሽ ደምሰው፦ ይሠራል እኮ!

እማዋይሽ፦ እዚህ ሲመጣ ነው የሚሠራው። እርስዎን ይፈራል መሰለኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ የሚሠራ ዕቃ ተቀብዬ አዲስ ባወጣ ኦዲተሩ ምን ይለኛል? አዲሱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

እማዋይሽ፦ እስቲ እጄን ይዩት። ከዚህ የባሰ ምን ክፉ ቀን ይመጣል?

(ጋሽ ደምሰው እጇን ያያል። መስኮቱን ይዘጋል።)

፯

አትጥሉት። ጋሽ ደምሰው ዕቃ የሚወድ ሰው ነው። የቤቱ ሪሞት ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው፤ ጥሩው ብርጭቆ እንግዳ ካልመጣ አይነካም። ንብረት ክፍሉንም የያዘው እንደዚያው ነው። የካርቶኖቹን አቧራ በየጊዜው ይጠርጋል፤ ከፍቷቸው ግን አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ጡረታ ይወጣል። ንብረቱን በደህና ካላስረከበ ክሊራንስ* አይሰጠውም።

* ከመሥሪያ ቤቱ በምንም እንደማይፈለግ የሚያረጋግጥ ወረቀት። ያለ እሱ የጡረታ ፋይሉ ንቅንቅ አይልም።

፰

 

(ባዶ የሆነው እማዋይሽ እጇን ሞቅ ባለ ውሃ ስለዘፈዘፈች ነው። ሌላ የተፈጠረ ነገር የለም።)

፱

በማግስቱ ራሱ አስጠራት።

«ነይ፣ ውሰጂ። እጅሽ ዓይኔ ላይ ሲዞር አደረ» አላት፤ እንደ መቆጣት እያለ።

የካርቶኑን ፕላስተር በምላጭ ቀደደው። ማውሶቹ ሲመጡ ባትሪያቸው ውስጣቸው ነበር። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ባትሪዎቹ ፈሰው ሆዳቸውን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። አንዱን ከፈተ። ሌላውን ከፈተ። ሌላውን።

ሁሉም።

የሰው እጅ ሳይነካቸው ሞተዋል። እማዋይሽ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

፲

በዚያው ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ

ጋሽ ደምሰው፦ እኔ እኮ እንዳይበላሹ ብዬ ነው።

እማዋይሽ፦ አውቃለሁ።

ጋሽ ደምሰው፦ ርክክቡ ሐሙስ ነው። እንዲህ ሆነው ከተገኙ በእኔ ነው የሚያመካኙት።

እማዋይሽ፦ ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?

ጋሽ ደምሰው፦ ለየሠራተኛው ወጥተዋል ልበል። ሌሎቹን እለምናቸዋለሁ። አንቺ መጀመሪያ ፈርሚልኝ፤ አንቺ ከፈረምሽ እነሱ እንቢ አይሉኝም። አፈር ስሆን፣ ልጄ።

፲፩

ከፈረመች፣ በወረቀት አዲስ ማውስ የያዘች ሠራተኛ ትሆናለች። የዚያ ማውስ ዕድሜ አልቋል እስኪባል ድረስ ሌላ መጠየቅ አትችልም። በአሮጌው ትቀጥላለች፣ እጇ እስከቻለ።

ካልፈረመች፣ ሽማግሌው ያለ ጡረታ ቤቱ ይገባል።

ተናደደችበት። አሳዘናትም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡባት ይበልጥ ደከማት። ጋሽ ደምሰው እስክሪብቶውን ክዳኑን ነቅሎ አቀበላት፤ ዓይኗን ግን አላያትም።

፲፪

የዕቃው ዓይነት፦ ማውስ፣ ገመድ አልባ

ሁኔታ፦ አዲስ፣ የሚሠራ

አስረካቢ፦ ደምሰው ወልደየስ (ፈርሟል)

ተረካቢ፦