እጀ ጨርቅ

ደግሞ ዞረ፣ ሙሉው ነው የሚዞረው፣ ላዩን ስታጣምመው ታቹ ይከተለዋል፣ ታቹን በጉልበቷ ስትጫነው ላዩ አልሰማሁም ይላል፣ ሁለት ቱቦ ነው እኮ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የገባ፣ ሲሠራ እንዲገጠምና እንዲላቀቅ ተብሎ ነው፣ ይሄ ግን መለያየት አልወድም ብሏል፣ እንዲህ ያለ ታማኝ የጀልባ ምሰሶ ከየት ይገኛል፣ ሰው እንኳ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተለያይቶ። ግሌንዳ እርጥብ ሳር ላይ ተንበርክካለች። መዳፏ ተልጧል። ኮምጣጤ አጠጣችው፣ ዘይት ቀባችው፣ ገመድ ጠምጥማበት በዱላ ጠመዘዘችው፣ ገመዱ ተበጠሰ። እሱ እንዳለ ነው።

ላይኛው ቱቦ ለትልቁም ለትንሹም ሸራ ያው ነው፣ የሚለየው ታችኛው፣ ረጅሙ ታችኛው የቀድሞ ባሏ የሮድኒ፣ ለሮድኒ ቦርጭና ለሮድኒ ትልቅ ሸራ፣ አጭሩ ግን የራሷ፣ አዲስ ነው፣ ብርዱን ሙሉ አልጋዋ ሥር ተኝቶ የከረመ፣ ትንሹ ሸራም የራሷ። ላይኛውን ከሱ ቱቦ አላቅቃ በራሷ ላይ ካልሰካች ዛሬ ውሃ ላይ አትወጣም፣ በቃ። በሱ ሸራ ትውጣ? በዚህ ነፋስ፣ የሱ ክብደት ሳይኖራት? ከወንዙ አፍ ሳትደርስ ተገልብጣ ጭቃው ውስጥ ትተከልና እሱ ከዳኞች ጎጆ መስኮት በመነጽር እያያት ይስቃል፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ነው፣ ዳኛው ደግሞ እሱ፣ ለሮድኒ ጥሩምባ ሰጡት፣ ሳይሰጡትም ሲነፋ ለኖረ ሰው። አጠገቡ ቀይ ቆብ ይታያል። ሞይራ። ሌላ ማን ይሆናል፣ የሻይ ጓደኛዬ፣ ጀልባዋን ከጀልባዬ ጎን የምታቆም፣ ሸራዬን አብራኝ የምታጥፍ፣ መጨረሻ ላይ ባሌንም አጥፋ ይዛ የሄደች።

ከባሕር እንደወጣችሁ ምሰሶውን አላቁት፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ይሄ ሃይማኖቱ ነበር፣ ለክለቡ አዲስ ሰው ሁሉ ይሰብክ ነበር፣ ጨውና አሸዋ መገጣጠሚያው ውስጥ ከከረመ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ይነክሳል፣ ከዚያ እግዜርም አያላቅቀው። እሱ ራሱ ግን ትቷት ከመሄዱ በፊት በነበረው ዓመት የመጨረሻውን ውድድር ጨርሶ ሲወጣ ሳያላቅቅ ሳያጥብ እንዳለ ጥሎት ሄደ፣ ቸኩሎ ነበር፣ ወዴት እንደቸኮለ እሷ ያኔ መች አወቀች። ብርዱ ሲወጣ ምሰሶው ድንጋይ ሆኖ ጠበቃቸው።

ያኔ ነው ነገሩ። እዚሁ ሳር ላይ። ያንን ጫፍ ያዢ፣ ፊትሽን ወደኔ አድርጊ፣ አንቺ ወደ ቀኝሽ አዙሪ እኔ ወደ ግራዬ፣ አጥብቀሽ ያዢው ግሌንዳ፣ ይዤዋለሁ፣ አልያዝሽውም፣ ይዤዋለሁ አልኩህ እኮ፣ ታዲያ ለምንድነው የሚዞረው፣ እውነትም ይዞራል፣ እሳት ላይ እንደተሰካ ጥብስ በእጃቸው መሀል ይሽከረከራል፣ ምን ዓይነት እጅ ነው አንቺ ሴትዮ፣ ጨርቅ ነው እንዴ። መጠጥ ቤቱ ገብቶ ለሁሉም አወራው፣ እጀ ጨርቅ አላት፣ ሁሉም ሳቁ፣ ሞይራም ሳቀች፣ እሷም ሳቀች፣ የሚያቃጥላት ይሄ ነው፣ አብራ መሳቋ። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ ካመለጣት እጀ ጨርቅ፣ የማርማላታ ክዳን እምቢ ካላት እጀ ጨርቅ፣ ኋላ ላይ እሱ ሳይኖርም ራሷ ለራሷ ትለው ጀመር። ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሞም፣ ጀልባዋን ውሰጃት፣ ብትሸጫት ይሻልሻል፣ በዚያ እጅሽ ምሰሶውን እንኳ አታላቅቂውም።

አላቅቀዋለሁ። ዛሬ። መነሻው መስመር ላይ ቆሜ ታየኛለህ።

አንጋፋው የክለቡ አባል ሲድ ውሻውን እየጎተተ ያልፋል፣ አፉ በሳንድዊች ተሞልቶ፣ እየጸለይሽ ነው ግሌንዳ፣ አዎ፣ ስለ ምን፣ አፍህ እንዲዘጋ፣ ይስቃል ሽማግሌው፣ አንድ እጅ አያጨበጭብም እመቤቴ፣ ወገቤ ባይሆን እኔው እይዝልሽ ነበር፣ ሮድኒን ልጥራልሽ? ጥራውና ይሄን ምሰሶ አናትህ ላይ ነው የማላቅቀው። ኧረ በስማም፣ ይላል፣ ውሻውን አስቀድሞ ይሄዳል። አንድ እጅ አያጨበጭብም። ያ ጠፍቷት ነው? ቤት ውስጥም ስንት ነገር አለ ሁለተኛ እጅ የሚፈልግ፣ አንሶላ ማጠፍ፣ ፍራሽ መገልበጥ፣ የቀሚስ ዚፕ፣ ሰው የሚያስታውሰው ትልልቁን ነው፣ የሚገድለው ግን ዚፑ ነው።

ባሕሩ እየሞላ ነው። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ።

ያዢልኝ፣ ይላል ከኋላዋ አንድ ድምፅ። እንፋሎት። የፈላ ውሃ የያዘ ማንቆርቆሪያ። ከማንቆርቆሪያው በላይ ሞይራ፣ ባዶ ራሷን፣ ሽበቷን ነፋስ ፊቷ ላይ እያለበሰው። ግሌንዳ ወደ ጎጆው ዞር ትላለች፣ ቀዩ ቆብ እዚያው መስኮቱ ላይ አለ፣ ይስቃል። ወደ ሞይራ ትመለሳለች። እንደገና ወደ ቆቡ።

እሱ ነው የላከሽ? ማንም አልላከኝም። ሂጂልኝ። እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ ግን ውሃው ሳይበርድ ይሄን እናላቅቀው።

እምቢ በያት፣ እምቢ በያት፣ እጇ ግን ጫፉን ይዟል፣ ሞይራ ውሃውን ታችኛው ቱቦ ላይ፣ መገጣጠሚያው ላይ ታፈሳለች፣ ታቹ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ላዩ ሳይሞቅ መቅደም ነው፣ ፍጠኚ፣ እኔ ወደ ቀኜ አንቺ ወደ ግራሽ፣ ትላለች ግሌንዳ። አይደለም፣ ሁለታችንም ወደየቀኛችን። ምን ማለትሽ ነው፣ ተቃራኒ መሆን አለበት እኮ። ፊት ለፊት ነን ግሌንዳ፣ የኔ ቀኝ ላንቺ ግራ ነው፣ አንቺ ቀኝ እኔ ግራ ካልን አብረን ነው የምናዞረው፣ ሙሉው ነው የሚዞረው።

ሙሉው ነው የሚዞረው።

አንቺ ወደ ቀኝሽ እኔ ወደ ግራዬ። እሳት ላይ እንደተሰካ ጥብስ። እጄ አልነበረም። ያኔም፣ መጠጥ ቤቱም፣ ማርማላታውም፣ በሩም ላይ፣ እጄ አልነበረም፣ አምላኬ፣ አጥብቄ ይዤው ነበር፣ ይዤዋለሁ ብዬው ነበር እኮ፣ አዙሪ፣ ትላለች ሞይራ፣ እየበረደ ነው፣ ወደ ቀኝ፣ ታዞራለች፣ ባላት ንዴት ሁሉ፣ ምሰሶው ይንጫጫል፣ ያቃስታል፣ ከዚያ ድንገት ይለቃቸዋል፣ ሁለቱም በየጀርባቸው፣ እያንዳንዳቸው ቁራጫቸውን ታቅፈው።

ሰማይ። የባሕር ወፍ።

ማን ነገረሽ፣ የቀኙን ነገር? ማንም፣ ትላለች ሞይራ ሳትነሳ፣ የኔም ምሰሶ ተጣብቋል፣ አንቺ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ አለኝ፣ እጀ ጨርቅ አለኝ፣ በጥር ሄደ፣ ከዚያ ብርዱ እስኪወጣ ምሰሶውን እያየሁ ሳስበው ገባኝ፣ ሌላውን ጫፍ የሚይዝልኝ ግን የለም። ያቺ ባለ ቀይ ቆቧስ? አላውቃትም፣ ስሟንም አልጠየቅኩም።

ይሄን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ልትላት፣ አፏ ላይ ደርሷል፣ ምላሷ ላይ ነው፣ መራራ ነው፣ አይወጣም።

ጥሩምባው ይነፋል፣ የመዘጋጃው። ላይኛው ቱቦ እቅፏ ውስጥ ነው። አጭሩ እዚያ። ሸራው እዚያ። ትደርሳለች፣ ከቸኮለች ትደርሳለች።

ጀልባሽ የት ናት፣ ትላለች።

ሞይራ ቀና ትላለች፣ ውድድሩስ?

ጀልባሽ የት ናት አልኩሽ፣ ውሃ አፍዪ፣ ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። አልጠየቅኩሽም። እንዳትጠይቂኝ።

የመነሻው ጥሩምባ ሲነፋ የሞይራን ምሰሶ ጫፍ ይዛለች፣ ጀልባዎቹ ያለሷ ይሄዳሉ፣ ነጭ ነጭ ሆነው፣ ልቧ አብሯቸው ይሄዳል፣ ያማታል፣ መስኮቱ ላይ መነጽሩ ውሃውን ትቶ ወደነሱ ዞሯል፣ እይ፣ ደህና አድርገህ እይ፣ ከምሰሶው ማዶ ያን የምትጠላውን ፊት ታያለች፣ እንደጠላችው ነው፣ አጥብቀሽ ያዢው፣ ትላታለች፣ ይዤዋለሁ ትላለች ሞይራ፣ ግሌንዳ ታምናታለች፣ ወደ ቀኝ።