ጀውሀራን ያላስቀመጣት

ጀውሀራ በደቡብ ሱዳኗ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ልብስ ትሸጣለች። ባሏ ሙደሲር ከሱቋ ጀርባ ባለው መጋዘን ዱቄትና ዘይት ያከፋፍላል። በ2006 ታኅሣሥ ጁባ ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ሦስት ቀን ከአልጋ ሥር ተኝተው አሳለፉ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት የግቢያቸውን በር እየደበደበች በጁባ ዐረብኛ ክፈቱልኝ ብላ ለመነች። ጀውሀራ ልትነሳ ስትል ሙደሲር አፏን በእጁ አፈነ። ድብደባው ቆመ። ሴትየዋ የት እንደደረሰች አላወቁም።

ዓመት ሊሞላው ሲል ጀውሀራ መቀመጥ አቃታት። የታጠፈ ሸሚዝ ዘርግታ መልሳ ታጥፋለች፤ ደንበኛ እያናገረች ብድግ ትላለች። ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምግብ ትበላለች፣ ቀሚሷ ግን በየሳምንቱ ይሰፋታል። ልቧ ያለ ምክንያት ይጋልባል። ላቡንማ በጁባ ሙቀት ማን ልብ ይለዋል? ከዚያ ደግሞ ለቅሶው መጣ። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ምነው ባልነቃሁ ትላለች፤ የምትወዳቸውን ጎረቤቶች ድምፅ ስትሰማ እንኳ መጋረጃ ትጋርዳለች።

ሰው ሁሉ የተኩሱ ድንጋጤ ነው አለ። አንድ ክሊኒክ የእንቅልፍ ክኒን ሰጣት። ሼህ መጥተው ቁርኣን ቀሩባት፤ እሳቸው ጫማቸውን ሳያጠልቁ ልቧ ወደ ግልቢያው ተመለሰ። እሷ ግን ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ ብላ አምናለች። በሩን ባለመክፈቷ አላህ እየቀጣት ነው።

ሙደሲር የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠላት። «ጅማ እናትሽ ጋ ሂጂ። ትንሽ ትረጋጊያለሽ» አላት።

«ልትገላገለኝ ነው?»

ሙደሲር ወደ መጋዘኑ ገባ።

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደንበኛዋ ጆሴፊን ለእህቷ ልጅ ቀሚስ ልትገዛ መጣች። ጆሴፊን ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ አድጋ፣ ጋምቤላ ነርስነት ተምራ፣ አገሯ ነጻ ስትወጣ የተመለሰች ናት፤ ቡሉክ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ትሠራለች።

«ኬፍ፣ እንዴት ነሽ ጀውሀራ? ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

ጀውሀራ ቀሚሱን ልትጠቀልል ስትሞክር ወረቀቱ በእጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ጆሴፊን ወረቀቱን ተቀብላ አስቀመጠችና እጇን ያዘች። ትኩስና እርጥብ ነው። ከዚያ አንገቷን አየች።

«ውሃ አለሽ? እስቲ አንድ ጊዜ ተጎንጪ። ቀስ ብለሽ ዋጪ።»

ስትውጥ ከጉሮሮዋ ሥር ትንሽ እብጠት ወጣ ብሎ ተመለሰ።

«ይሄ እንቅርት ሳይሆን አይቀርም» አለች ጆሴፊን። «ደምሽ መታየት አለበት።»

«የእኔ በሽታ በደም የሚታይ አይደለም።» ጀውሀራ ለማንም ያልነገረችውን፣ በር ላይ ስለነበረችው ሴት ነገረቻት። ቆማ ጀምራ፣ በሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ጨረሰች።

ጆሴፊን እስክትጨርስ ሰማቻት። «ያሳዝናል፣ እህቴ። ሀዘንሽም እውነት ነው። ግን አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ሥራዋን ስታበዛ ልብ ታስሮጣለች፣ ሥጋ ታከሳለች፣ ሰውን ድባቴ ውስጥ ትከታለች። ታይሮይድ ይሏታል። ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። መጀመሪያ የሚለካውን እንለካ።»

በማግስቱ በጆሴፊን ክሊኒክ ደሟ ተቀድቶ ናይሮቢ ተላከ። ውጤቱ ዐሥር ቀን ይፈጃል ተባለ። በእነዚያ ቀናት ጀውሀራ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መንገድ ስትመላለስ ዋለች። ምንም ባይገኝስ? ያኔ ቅጣት መሆኑ ይረጋገጣል። በስምንተኛው ቀን ሱቁን ክፍት ጥላ፣ በቀትር ፀሐይ እስከ ኮር ዊሊያም ሰፈር በእግሯ ሄደች። ሙደሲር ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሲፈልጋት ቆይቶ አንድ ዛፍ ሥር አገኛት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አላውቅም። እግሬ አላስቀምጥ አለኝ።»

አጠገቧ ቁጭ አለ። «አፍሽን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺን ባየሁ ቁጥር ያቺ ሴት ትመጣብኛለች። ጅማ ልልክሽ የፈለግሁት ለዚያ ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ጀውሀራ እጁን ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱ።

ውጤቱ ሲመጣ ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። የክሊኒኩ ሐኪም ዕጢውን የሚያቀዘቅዝና የልብ ምቷን የሚያረጋጋ መድኃኒት አዘዘላት። «ዕጢው ሲረጋጋ ሀዘኑም አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል» አላት። «ካልቀለለ እሱንም ለብቻው እናክመዋለን። መድኃኒቱን በራስሽ ፈቃድ እንዳታቆሚ።»

ቲኬቱ ተሰረዘ። በመጀመሪያው ሳምንት ልቧ ግልቢያውን ቀነሰ። በወሩ እጇ ጸና። ድባቴው ግን ተንቀራፈፈ። ዛሬ ስቃ ነገ መጋረጃ ትጋርድ ነበር፤ ጆሴፊን ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች ታጫውታታለች። ሙደሲር ማታ ማታ «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ስንቴ ትጠይቀኛለህ!» ብላ ትቆጣለች፤ ቁጣዋ ደስ ይለዋል።

በዒድ ዋዜማ ሱቁ በገዢ ተጨናነቀ። ጀውሀራ በዋጋ ስትከራከር ዋለች፤ ሁለት ጊዜም ከልቧ ሳቀች። ሲመሽ ደከማት። እንደማንኛውም ሠርቶ እንደዋለ ሰው ነበር የደከማት፤ ራቷን በልታ ተኛች።