በበረዶ መሃል የሚጮኹ ሴሚዎች

ሂሳኖ የመጽሐፍ ገበያው አዳራሽ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ የሩዝ ድብልብል፣ በሌላው እርሳስ ይዛ፣ አሁን የገዛችውን መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታነባለች። በመጽሐፉ ውስጥ መርማሪ ታኪ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ሳሎን ገብቶ እንደገና ያወልቃል። ቀኝ ትከሻው በጥይት ይመታል፤ ምዕራፉ ሳያልቅ ቁስሉ ወደ ግራ ይዞራል።

"ሰውዬው ስንት እግር ነው ያለው?" ብላ አጉረመረመች።

ታኪና ባልደረባው ኩዜ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ያሉ የወደብ ከተማ ፖሊሶች ናቸው። ድራማው ከቴሌቪዥን ከወረደ ዓመታት ቢያልፉም፣ ወዳጆቹ ስለ ሁለቱ የየራሳቸውን ታሪክ ይጽፋሉ፣ በራሳቸው ወጪ ያሳትማሉ፣ በየዓመቱ ኪታኪዩሹ ከተማ ላይ ተሰብስበው ይሸጣሉ። ሂሳኖ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ ጽፋ አታውቅም። ጓደኛዋ ሚትሆ የጻፈችውን ሁሉ የምታርመው ግን እሷ ናት፤ ስህተት ካየች ደግሞ አታልፍም። የዚህ መጽሐፍ ደራሲ "የጨረቃ ኩሬ" በሚል የብዕር ስም የምትታወቅ ዝነኛ ናት፤ ጠረጴዛዋ ፊት ያለው ሰልፍ በሩን አልፏል። ይህን ሁሉ ሰው የምታሰልፍ ሴት ጽሑፏን መልሳ አንዴ እንኳ አለማንበቧ ሂሳኖን አናደዳት። ይህ ለአንባቢ ንቀት ነው።

የኩዜ ቀብር ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። በረዶ ይወርዳል፣ ታኪ መቃብሩ አጠገብ ቆሟል፣ ሴሚዎች ይጮኻሉ። ሴሚ እኮ በዚህ አገር የነሐሴ ሙቀት ዛፍ ላይ ተለጥፋ ቀኑን ሙሉ የምትጮህ ትንሽ በራሪ ነፍሳት ናት። በበረዶ ስትጮህ የሰማ ሰው የለም። ሂሳኖ ግን ይህንኑ ከዚህ በፊት አንብባዋለች፤ ሚትሆ ኢንተርኔት ላይ ለጥፋው፣ አንባቢ ሲጠፋ መልሳ ባወረደችው ታሪክ ውስጥ። ያኔ "ይሄ ስህተት ነው፣ ሰርዢው" ብትላት፣ ለሁሉም ነገር እሺ ባይዋ ሚትሆ ምክንያቱን ሳትናገር እምቢ ብላት ነበር።

ገጾቹን አገላበጠች። የተሰበረው ጃንጥላ፣ ባዶ የቀረው የኩዜ ወንበር፣ ሁሉም የሚትሆ ነው። የሴትዮዋ የራሷ የሆኑት ጫማውና ትከሻው ብቻ ናቸው። የሂሳኖ ጆሮ ግንድ በንዴት ጋለ።

ለሚወዱት ደራሲ ጣፋጭ ይዞ መሄድ የዚህ ገበያ ወግ ነው። ሂሳኖም ጠዋት አንድ ሳጥን የባቄላ ኬክ ይዛ መጥታ፣ በግፊያው ሳትሰጥ ቀርታ ነበር። አሁን ሳጥኑን አንስታ እንደገና ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ "የጨረቃ ኩሬ" ሳጥኑን አይታ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"እዚህ ውስጥ ያለው የቀብር ታሪክ የጓደኛዬ ነው" አለች ሂሳኖ ሳጥኑን ሳትለቅ። "በበረዶ ሴሚ የሚጮህበት። እንዲህ ያለ ስህተት ሁለት ሰው አይሳሳትም።"

ሴትዮዋ ገጹን ገልጣ አነበበች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልታየም።

"ታኪም ኩዜም የእኔ አይደሉም፤ የጓደኛዎም አይደሉም። ሁላችንም ተበድረን ነው የምንጽፈው፤ ሐሳብ ይገጣጠማል" አለች በለስላሳ ድምፅ። "ስለ ሴሚዎቹ ግን አመሰግናለሁ። በሁለተኛው እትም እሰርዛቸዋለሁ።"

ሂሳኖ ያላትን አንድ ማስረጃ በገዛ እጇ እንዳስረከበች ያን ጊዜ ገባት። እርስዎ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አለ።

"ታኪን ተበደርሽ፣ ይሁን። ለቅሶውን ግን ሰርቀሻል።"

ሳጥኑን ከሴትዮዋ ፊት መንጭቃ ሄደች። ከኋላዋ የተሰለፉት ቅናት ነው ሲሉ ሰማች።

ሚትሆ በአዳራሹ ጥግ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ በተሰጣት ጠረጴዛ ላይ ሳይሸጡ የቀሩትን ቀጫጭን መጻሕፍቷን ታስተካክላለች። ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ አያውቅም። ሂሳኖ የሆነውን ሁሉ ስትነግራት ሚትሆ መጽሐፉን አገላብጣ አይታ መልሳ ሰጠቻት። ነገ ማተሚያ ቤት ከሚገባው አዲሱ መጽሐፏ የቀብሩ ታሪክ ይቀነስ አለች፤ አሁን ካሳተመችው ሌባ የምትባለው እሷ ራሷ ናት።

"አንቺም አብዝተሽዋል!" አለች ሂሳኖ፤ ንዴቷ ማረፊያ አጥቶ ጓደኛዋ ላይ ዞረ። "ለመሆኑ በበረዶ ሴሚ ያስጮህሽው ምን ሆነሽ ነው?"

ሚትሆ እጇን ወደ ጆሮዋ ወሰደች።

"ግራ ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል። የፋብሪካው ማሽን ነው። በሱ በኩል የምሰማው ሴሚ ብቻ ነው፤ ሙቀት የለ፣ ብርድ የለ። አባቴን ስንቀብር በረዶ ነበር። ሰዉ ሁሉ፣ ምን ዓይነት ጸጥታ ነው፣ ይላል። እኔ ግን ሴሚ ነበር የምሰማው።"

ሂሳኖ ስንት ዓመት አብረው ሲሄዱ ሚትሆ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል እንደምታስኬዳት አሁን ትዝ አላት። የሰው ስህተት ለማየት የማይደክመው ዓይኗ ይህን አላየም ነበር። አፈረች፤ አፍራም ንዴቷ አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰበት። ያቺ ሴት የሰረቀችው የሰው ጆሮ ነው።

ሂሳኖ ለማረም የያዘችውን የሚትሆን አዲስ መጽሐፍ ረቂቅ ከቦርሳዋ አወጣች። የሴሚዎቹ ዓረፍተ ነገር ላይ ወፍራም የእርሳስ መስመር አለ፤ በዚህ ሳምንት ሚትሆን ሳትጠይቅ የሰረዘችው ራሷ ናት። የኬኩን ሳጥን ከፍታ ሚትሆ ፊት አስቀመጠችና ላጲሷን ፈለገች።

"ሰው ምን ይላል?" አለች ሚትሆ።

"ያለውን ይበል። እሷ ትሰርዘው፤ ያንቺ ግን ይቀመጣል።"

ወረቀቱ እንዳይቀደድ በግራ እጇ ደግፋ፣ የራሷን መስመር ቀስ እያለች አጠፋችው።