ማዕዘን እየመረጠ የሚበሳው ብልጭታ

ወረቀት በመሥራት እኔን የሚስተካከል ሰው ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም ዳዴ ላይ ነው። የትራንስፎርመር ሽቦ የሚሸፈንበትን ወረቀት ከእንጨት ሊጥ ብቻ መሥራት ሰልችቶኝ፣ ሙቀት የማይበግረው ሰው ሠራሽ የፖሊመር ክር ቀላቀልኩበት። ድሮ በጋለ ዘይት ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈር የነበረው ወረቀት፣ ይኸው ሦስት ወር ተቀቅሎ ወጥቶ ብትጎትቱት እናንተ ትበጠሳላችሁ እንጂ እሱ ንክች አይልም።

ጣጣው ወረቀቱ ስንት ቮልት እንደሚችል የሚለካው የኤሌክትሪክ ፈተና ነበር። የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ ታናሽ እህቴ ናት፤ ወንድሜ ነው ብላ አንዲት ቮልት አትቀንስልኝም። ሁለት ጊዜ ፈተነችው፣ ሁለቴም ብልጭታው ወረቀቴን በሳው። ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛው ከወደቀ ወረቀት ከውጭ እንደሚገዛ፣ የእኔም ክፍል እንደሚዘጋ ቁርጡን ነገረን። እኔና ስድስት ሠራተኞቼ እንቅልፍ አጣን። እኔ ለሳምንት አልተኛሁም፤ ቢበዛ ከሰዓት በኋላ ትንሽ።

በሦስተኛው ፈተና ቀን ሥራ አስኪያጁ ፊት ሃምሳ ወረቀት በአንድ ትንፋሽ ቆጥሬ ላስደምመው ብዬ አውራ ጣቴን ላስ አደረግሁና ጀመርኩ። አርባ ላይ ስደርስ እህቴ እጄን ያዘችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ከማድረቂያው ከወጣ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቆጥረው?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ። አንድም ተሳስቼ አላውቅም።»

የወደቁትን ወረቀቶች አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከታች በስተቀኝ ማዕዘን ላይ ነበሩ፤ ልክ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ።

«ምራቅህ ይደርቃል፣ ጨዉ ግን ይቀራል» አለች። «ኤሌክትሪኩ መንገድ ያገኘው በእሱ ነው። ክሩ ምንም አልበደለም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እሷ ጓንት አጥልቃ ከማድረቂያው አዲስ ወረቀት አወጣችና አራቱንም ማዕዘን ፈተነች። የቮልት ቆጣሪው ባለፈው የተበሳበትን አለፈ፤ የሚፈለገውን አለፈ፤ ወረቀቴ ዝም። እኔ የቆሻሻ ቅርጫት ላይ ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ላይ የሰነበተው ዝሆን ወርዶ ሲሄድ ኮቴው ተሰማኝ።

ሥራ አስኪያጁ ፈረመ። እህቴ አጎንብሳ ጓንት እጄ ላይ አስቀመጠችና በጆሮዬ፣ «እኔም እኮ አልተኛሁም» አለችኝ።

ክፍሌ አልተዘጋም። በሩ ላይ በእሷ የእጅ ጽሕፈት «ጣት መላስ ክልክል ነው» ተለጥፏል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ያ ሁሉ ሺህ ቮልት ያቃተውን ወረቀት ያስበሳ ምራቅ የማን እንደሆነ እነግራለሁ። ከዚያ ጓንቴን አጠልቅና እቆጥራለሁ፤ አርባ ዘጠኝ፣ ወይም ሃምሳ።