ባሏን ለማደፋፈር

ጥሩሰው የልብ ምት የሚመዘግበውን ማሽን ስለፈራ፣ ሚስቱ ዘመናይ እሱን ለማደፋፈር ቀድማው ተመረመረች። የእሱ ልብ ደህና ሆነ። ልብሱን ሲለብስ ግን ሐኪሟ ዘመናይን ለብቻዋ ጠራቻት።

«አሁን አልታመሙም። ማሽኑ ባወጣው ወረቀት ላይ ያለው የልብዎ መስመር ግን ከዓመታት በኋላ የልብ ድካም ሊመጣ እንደሚችል ይጠቁማል። ካሁኑ እንከታተልዎት።»

ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚመልሳቸው ሚኒባስ ውስጥ ዘመናይን መቀመጫው አልመች አላት። መስኮቱን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች፤ እጇ ደረቷን ይዳብሳል። ጥሩሰው ከሾፌሩ ጋር ይሳሳቃል።

«ምን ሆነሻል?» አላት በመጨረሻ።

ልትደብቀው አስባ ነበር። «ሐኪሟ የሰጋችው ለእኔ ልብ ነው» ስትለው ሳቁ ጠፋ። እጇን ያዘ፤ እስኪወርዱም አልለቀቃትም።

የክትትሉ ቀጠሮ ዕለት ወደ ሐኪሟ ሊወስዳት የቤታቸው ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቃት። እሷ ግን ማሽኑን በተራዋ ፈርታ፣ የረሳችው ነገር ያለ ይመስል ደጋግማ ወደ ቤት ተመለሰች።