ዓምራን እንጨቷን ያቆመበት ቀን

እኔ በቀለ፣ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ከጅቡቲ እስከ አዋሽ ባለው ሀዲድ ላይ እንደኔ መቀስ የያዘ ሰው አልተወለደም። አንድ ቀን ባቡር ነጂው ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ግማሹ ሲቀረው ፊሽካው ተነፋ፤ አልለቅህም አልኩት። ድፍን ባቡር፣ ከነግመሉ ከነሚኒስትሩ፣ እኔን ቆሞ ጠበቀ። ያላመነ ይተወው። ይህን ያነሳሁት ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከኔም የባሰ ኩሩ ሰው እንደነበረ ለመንገር ነው።

ዓምራን ይባላል። ሱቁ ከሱቄ ፊት ለፊት ነበር። ቫዮሊን ይሠራል፣ የተሰነጠቀ ይገጥማል፣ የደጋኑ ፀጉር ሲያልቅ የጋሪ ፈረስ ጭራ መርጦ ይተክላል። የነጭ ወንድ ፈረስ ካልሆነ በጣቱም አይነካውም። አንድ ጋሪ ነጂ የበቅሎ ጭራ ቢያመጣለት በዚያው በጭራው ገርፎ አባረረው። ገበያተኛ ካላደነቀ አይሸጥም፤ አድንቆ የተከራከረ እንደሆነም አይሸጥም።

ያን ዓመት ከሁርሶ ጦር ማሰልጠኛ አንድ ሻምበል መጣ። ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ ወታደሩን የሚያጫውት ቡድን ያዋቅራል ተባለ። በፊተኛው ዙር ከኛ ቀበሌ የኪነት ቡድን ከሄዱት አንድም አልተመለሰም። አሁን የሚፈልገው ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ የቀበሌው ቫዮሊን ተጫዋች ደግሞ የጎረቤታችን የየሺአረግ አንድ ልጅ ክፍሉ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ ሰው የላትም።

እናትና ልጅ ቫዮሊኑን በነጠላ ጠቅልለው ዓምራን ሱቅ ገቡ። እኔም ምላጭ በእጄ እንደያዝኩ ተከትዬ ገባሁ፤ እኔ የሌለሁበት ወሬ ድሬዳዋ ውስጥ ወሬ አይባልም።

«ዓምራን፣ አበላሽልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ይኼን። እንደ አህያ ይጩህ።»

«በገዛ እጄ? አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪም ቤት ገብተሽ ‹ልጄን አሳምሙልኝ› ትያለሽ?»

«ካልታመመ የሚሞት ከሆነ፣ አዎ፣ እላለሁ!»

ክፍሉ ቀጠለ። «ጋሽ ዓምራን፣ አውቄ ባጠፋ ይነቃብኛል። ሻምበሉ ራሱ ቫዮሊን ሲመታ ያደገ ነው። ከበሮ መቺያችን አብዲቃድር አውቆ ምቱን ቢያዛባ ጊዜ ‹አሻጥር ነው› ብሎ አሰረው። እጅ ሲዋሽ ያውቃል። እንጨት ሲዋሽ ግን ማን ያውቃል?»

ዓምራን ቫዮሊኑን ከነጠላው ፈታ። ከዚያ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ያጎበጣትን መሣሪያ አነሳ። ቫዮሊን ሆዱ ውስጥ አንዲት ጣት የምታህል እንጨት አለችው። በሙጫ አልተያዘችም፤ በፊቱና በጀርባው መካከል ተጨንቃ ብቻ ቆማ ድምፁን ሁሉ የምትሸከም እሷ ናት። ደረቱ ላይ ባለው ጠማማ ቀዳዳ ሽቦውን አሾልኮ እንጨቷን ገፋ አደረጋት። ክፍሉ አንዴ ቢስበው ከከተማ ውጭ፣ ሐርላ መንደር ያሉ ፍየሎች ደነበሩ።

«ወላሂ፣ ሊያስታውከኝ ነው» አለ ዓምራን።

የሺአረግ እጁን ሳመችው። «አንተ ግን ሻምበሉ ሲፈትነው እዚያ እንዳትሄድ። ማልልኝ።»

ማለላት።

በፈተናው ቀን ዓምራንን የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ አገኘሁት። «ከኋላ ሆኜ ልስማ ብቻ» አለኝ። ገብተን ከኋላ ቆምን። የሺአረግ ልቤ አይችልም ብላ ከውጭ፣ የተመረጡትን ሊጭን ከቆመው ካሚዮን አጠገብ ተቀምጣለች።

ክፍሉ መድረኩ ላይ ወጣ። ጣቶቹ እንደ ወትሮው ሮጡ፤ ቫዮሊኑ ግን የታነቀ ዶሮ ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሻምበሉ ጆሮውን ያዘ።

«ይበቃል፣ ይበቃል! ውረድ አንተ ልጅ። እጅህ ደህና ነበር፤ በዚህ ግን ጠላትን እንጂ ወገንን አናጫውትም።»

ክፍሉ መውረድ ጀመረ። አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ነበር።

«ለመሆኑ ይኼን ሣጥን የጠገነው ማነው?» አለ ሻምበሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር «የኛው ዓምራን ነው» አለ።

«እንግዲያው ዓምራን የዶሮ ቆጥ ይሥራ!»

ሰው ከቅድሙ የባሰ ሳቀ። ዓምራን ሲነሳ ኮቱን ያዝኩት፤ እኔ የሚሮጥ ሰንጋ በቀንዱ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ኮቱ ግን እጄ ላይ ቀረ።

«በመንገድ ተናውጦ ነው!» እያለ መድረኩ ላይ ወጣ። «እንጨቷ ሸሽታ ነው እንጂ የኔ ሥራ እንዲህ አይጮኽም!» ቫዮሊኑን ከክፍሉ እጅ ነጠቀ፣ ሽቦዋን ከሸሚዙ ኪስ መዘዘ፣ እንጨቷን አንዴ ሳብ፣ አንዴ መታ አደረጋት። «እንካ። አሁን ምታ።»

ክፍሉ አልተቀበለውም። «ጋሼ...» ብቻ አለ።

«ተቀበል» አለ ሻምበሉ። «ያንኑ ድገመው። ጣትህን እያየሁ ነው።»

መታ። አቤት! የአዳራሹ ቆርቆሮ አብሮ ዘመረ ብል ነውር የለውም። ሊቀመንበሩ፣ እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰው፣ አለቀሰ። ሻምበሉ ተነስቶ ዓምራንን ጨበጠው፤ ሰው አጨበጨበለት፤ ክፍሉን ሁለት ወታደሮች ከነቫዮሊኑ በጓሮ በር አወጡት።

ማታ ሱቄ ሰው በሰው ሆነ። ዓምራን ቆሞ ይተርካል፤ «ሽቦዬን መዘዝኩ፣ አዳራሹ ጸጥ...» ሲል የሺአረግ ገባች። ልጇ ካሚዮን ላይ ሲጫን አይታለች፤ ምክንያቱን ግን የነገራት የለም። ሰው ሁሉ አጎነበሰ። እሷ መላጫ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

«ቀጥል» አለችው።

«የሺዬ፣ እኔ...»

«ወርዶ ነበር?»

«አንድ እግሩ... ደረጃው ላይ ነበር።»

«እሺ። ከዚያስ ምን አደረግህ? ቀጥል።»

እየተንተባተበ ጨረሰላት። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። «ነገም እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

መጣች። በማግስቱም መጣች። ሥራ ሲፈታ ጠብቃ፣ ሱቁ ገብታ፣ ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለች። ሱቁን ቢዘጋ ቤቱ፣ ቤቱን ቢዘጋ ከመስጊድ ሲወጣ ትጠብቀዋለች። ክረምቱ ሳይወጣ የክፍሉ መርዶ መጣ፤ እሷ ግን አልቀረችም። ጥቁር ለብሳ መጣች።

ዓምራን ከዚያ ወዲህ የደጋን ፀጉርም አልተከለም፣ ቫዮሊንም አልከፈተም። ጠጋኝ ፍለጋ የሚመጣውን «አላውቅም፣ ዶሮ ቆጥ ነው የምሠራው» እያለ ይመልሳል። አንድ ቀን ከሱቁ ሮጦ ወጥቶ እኔ ጋ፣ ከመስታወቱ ኋላ ተደበቀ። ተከትላ ገባችና ወንበሬን ሳበች።

«የሺአረግ፣ በአላህ፣ ዛሬ ይለፈኝ» አለ።

«ጀምር።»

«ወጣሁ... እንጨቷን አቆምኩ... መታ። በቃ።»

«ትናንት ‹ሰው አጨበጨበልኝ› ብለህ ነበር።»

«አጨበጨበልኝ።»

«እንዴት አድርጎ?»

ወደኔ ዞረ። አንድ ነገር ጨምረህ አድነኝ የሚል ዓይን ነበር። መቀሴን መሳል ጀመርኩ።

«እንዴት አድርጎ ነው ያጨበጨበልህ ዓምራን? አሳየኝ።»

ሁለት እጁን አነሳ።