አትባራ ያልደረሱት መንገደኛ

ጋሽ አምኃ ካርቱም ከገቡ አርባ ዓመት ቢያልፋቸውም፣ ከከተማዋ ወደ ሰሜን አንድም ቀን ወጥተው አያውቁም ነበር። የምሥራቁን መንገድ ያውቁታል፤ በወጣትነታቸው ሸሽተው የገቡበት ነው። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ጀብራ ሠፈር፣ ሥራቸው የመኪና መለዋወጫ መደብር፣ እሑዳቸው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የካርቱሙ ጦርነት ሊነሳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በአንድ ቀዝቃዛ ማለዳ ልጃቸው ዮሐና አስጎብኚ አውቶቡስ ላይ ስታሳፍራቸው፣ ደስታቸውን ለመደበቅ ኮታቸውን ደጋግመው ያስተካክሉ ነበር።

መንገደኞቹ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች። ካርቱምን አይተው ጨርሰው፣ በዚያን ቀን በሜሮዌ ፒራሚዶች በኩል አትባራ ገብተው ሊያድሩ ነው። ዮሐና አስተርጓሚያቸው ናት። ከተጓዦቹ አንዱ ሳይመጣ በመቅረቱ ባዶ ወንበር ስለነበረ፣ ቡድኑን የሚመራውን ወንደሰንን ለምና ለአባቷ አስፈቀደች።

«ተስሪህ አያስፈልገኝም?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። ተስሪህ ስደተኛ ከካርቱም ለመውጣት የሚያወጣው የጉዞ ፈቃድ ነው።

«ያባ፣ የቱሪስት አውቶቡስ ማን ያቆማል? ኻላስ፣ በቃ አታስብ።»

አውቶቡሱ ከወንዙ ማዶ ያለውን ባሕሪን አልፎ ሜዳው ላይ ሲወጣ ዮሐና ማይክሮፎኑን ያዘች። ቤት ውስጥ ጋሽ አምኃ በአማርኛ ሲያናግሯት በዐረብኛ ነው የምትመልሰው። አሁን ግን ያለማቋረጥ በአማርኛ ታወራለች። «አባይ በግራ ናት። አሁን አትታይም፣ ግን አብራን ትሄዳለች» ስትል መንገደኞቹ ፈገግ አሉ። አባቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን ሰው እንዲያይባቸው አልፈለጉም።

አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ሰርክአዲስ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ያዩትን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ አህያው የሚጎትተው በርሜል ምን እንደያዘ፣ ሰዎቹ ያን ሁሉ ነጭ ልብስ በዚህ አቧራ እንዴት እንደሚያነጹ። ጋሽ አምኃ ሲመልሱላቸው ራሳቸውን እንደ ባለአገር እያዩት መጡ።

መንገዱ ላይ ካለው የፍተሻ ጣቢያ ሲደርሱ አንድ ወጣት ወታደር ወጣና የሁሉንም ፓስፖርት አየ። የጋሽ አምኃን የስደተኛ ካርድ ሲያገኝ አገላበጠው። «ያ ሃጅ፣ ተስሪህ ወይኑ?» አላቸው በትሕትና፤ ፈቃዱ የት እንዳለ መጠየቁ ነው። የሚያሳዩት ፈቃድ አልነበራቸውም። ወታደሩ ካርዱን ይዞ ወደ አለቃው ገባና ተመለሰ። አውቶቡሱ ይለፍ፣ ሽማግሌው ወደ ካርቱም ይመለሱ ተባለ።

ዮሐና ወርዳ ተከራከረች፣ ለመነች፤ በመጨረሻ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔም ካንተ ጋር እመለሳለሁ» አለች በዐረብኛ። ወንደሰን ሰዓቱን አየ።

«እነዚህን ሰዎች ማን ያናግርላቸዋል?» አሏት አባቷ። «ሥራሽ ነው። ያላ፣ በይ ግቢ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው እኮ።»

«ሙያሽን አይቻለሁ፤ ለዛሬ ይበቃኛል። ግቢ አልኩሽ።»

ዮሐና ዓይኗን እየጠረገች ገባች። ጋሽ አምኃ መንገዱ ዳር ቆመው አውቶቡሱ እንዲሄድላቸው ጠበቁ፤ ቆሞ በቆየ ቁጥር የሚደርስባቸው ሐፍረት የሚብስ መሰላቸው። አውቶቡሱ ግን አልሄደም። በሩ እንደገና ተከፈተና ወይዘሮ ሰርክአዲስ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወረዱ።

«እማማ፣ ፒራሚዱስ?» አላቸው ወንደሰን ከደረጃው ላይ።

«ወገቤ ይሄን መንገድ አልቻለውም። ስትመለሱ ካርቱም ታገኙኛላችሁ።»

አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ሁለቱ አዛውንቶች፣ አንዲት ሴት ሻይ የምትሸጥበት የሣር ዳስ ውስጥ ገብተው የሚመለስ መኪና መጠበቅ ጀመሩ። ሻይ ሻጯ ቀይ የከርከዴ ሻይ ቀዳችላቸው።

«ወገብዎን ያመመዎት እውነት ነው?» አሉ ጋሽ አምኃ።

«ወገቤ ደህና ነው» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ። «እርስዎ ሲወርዱ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያይ ነበር። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ምንም ሳልፈልግ እበረብር ነበር። አፈርኩ።» ከብርጭቆው ፉት አሉ። «ልጅዎ ስታልፍ እርስዎ ለምን ቀሩ?»

«እሷ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አላት፤ የመኖሪያ ፈቃድም አላት። እኔ ያለችኝ ያቺ ካርድ ናት።»

«ፓስፖርት ከለከሉዎት?»

«ጠይቄ አላውቅም።»

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወደ እሳቸው ዞሩ። ጋሽ አምኃም ለሻይ ሻጯ እንኳ እንዳይሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። ታላቅ ወንድማቸውን በየነን የመንግሥት ወታደሮች ጎንደር ላይ ከቤታቸው ደጃፍ ገደሉት። እሳቸው በዚያው ሰሞን ድንበር ተሻገሩ፤ ከዚያ መንግሥት ምንም ነገር ላይጠይቁ ማሉ። ያ መንግሥት ወድቆ ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። እሳቸው ግን ኤምባሲው በር ሲደርሱ እግራቸው እንቢ ይላቸዋል። ሚስታቸውም እስክትሞት ድረስ ትለምናቸው ነበር፣ ዮሐናም እስከ ዛሬ ትለምናለች።

«በየነ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ።

ጋሽ አምኃ ትንሽ ግር አላቸው። በየነ እንዴት እንደሞተ የጠየቃቸው ሰው ብዙ ነው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ግን የጠየቃቸው የለም።

«አንድ ቦታ አይቀመጥም ነበር» አሉ ቆይተው። «የጭነት መኪና ካየ ይሰቀላል። አንድ ጊዜ እናታችን ጨው ግዛ ብላ ብትልከው ባሕር ዳር ደርሶ መጣ። ምን ልትሠራ ሄድክ ስትለው፣ ሐይቁን በዚያ በኩል ላየው ብዬ ነው አላት።»

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከልባቸው ሳቁ። ጋሽ አምኃም ሳቁ፤ ጨውስ ይዞ መጣ ወይ ሲባሉ ጨውን ረስቶት እንደመጣ ነገሯቸው፣ እንደገና ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀዘቀዘ። ያ መኪና ባየ ቁጥር የሚሰቀል ልጅ፣ በእሱ ስም አርባ ዓመት አንድ ከተማ ውስጥ የተቀመጠ ወንድም እንዳለው ቢያይ ምን ይል ነበር? የሚያመሰግናቸው አልመሰላቸውም። ብርጭቆውን እንደያዙ ረጅም ጊዜ መንገዱን እያዩ ተቀመጡ።

ሽንኩርት የጫነ ፒክአፕ እስከ ባሕሪ አደረሳቸው። ከዚያ በሚኒባስ ወደ ካርቱም ተሻገሩ፣ ከዚያም በሌላ ሚኒባስ ጀብራ ገቡ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ሠፈሩን ካላየሁ ወደ ሆቴል አልሄድም ብለው ነበር፤ ፉል በሰሊጥ ዘይት በሉ፣ ከጋሽ አምኃ ጎረቤቶች ጋር ተዋወቁ፣ የአንዷን ሕፃን እምብርት አይተው ደህና ነው አሉ። ሲወጡ ጋሽ አምኃ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አሉ።

ፎቶ አንሺው መጋረጃውን እየሳበ ለምን እንደሚፈልጉት ጠየቃቸው፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት የፎቶው ዓይነት የተለያየ ነው።

ጋሽ አምኃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለጀዋዝ» አሉ። ለፓስፖርት።

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከበሩ ላይ ሆነው ኮሌታዎ ተጣሟል አሏቸው።

ጋሽ አምኃ እሳቸውን ሆቴላቸው አድርሰው ሲመለሱ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። ዮሐና ከአትባራ ደወለች። ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ እንደዋለች ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«ያባ፣ ደህና ገባህ? ሳሚሕኒ፣ ይቅር በለኝ።»

«ደህና ነኝ። ፒራሚዶቹ እንዴት ናቸው?»

«ጫፋቸው የተቆረጠ ብዙ አለ። አሸዋው ሊውጣቸው ነው። አንዲት ሴትዮ ጫማዋ ጠፋ፣ ፈልገን አገኘን።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁሉንም ላንተ ነው ያየሁት፣ ግን ደስ አላለኝም።»

«ሰኞ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም። ምነው?»

«ኤምባሲ አብረሽኝ እንድትሄጂ ነው።»

ዮሐና አሟቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እንዳላመማቸው ነገሯት፣ ሁለተኛም ጠየቀች፣ ሁለተኛም ነገሯት።

ሰኞ ጠዋት ኤምባሲው ደጃፍ ሲደርሱ ወረፋው አጥሩን ተከትሎ እስከ ማዶው መንገድ ይደርስ ነበር። ዮሐና ክንዳቸውን ይዛለች። ጋሽ አምኃ በሩን አዩት፤ ቀለሙ እሳቸው የሚያውቁት አልነበረም። ከዚያ ወደ ወረፋው መጨረሻ ሄዱና፣ ሕፃን ካዘለች አንዲት ሴት ኋላ ቆሙ።